የአቶ ወንድዬ አስተርጓሚ

ኩዌት ውስጥ ከሚርቃብ እስከ አሕመዲ ድረስ ካለው ሐበሻ ሁሉ እንደኔ አረብኛ የሚያውቅ የለም። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር አረብ ቤት ውስጥ የኖርኩት ጆሮዬን ከፍቼ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሳሕን ሲያጥቡ ሳሕን ብቻ ያጥባሉ፤ እኔ ሳሕን እያጠብኩ የማዳምን የስልክ ወሬ ከነሳቋ እለቅም ነበር። በኮሮናው ጊዜ፣ በ2012 ሚያዝያ ላይ፣ አክስቴ ዘሊካ ኩዌት እስር ቤት ልትገባ ትንሽ ሲቀራት ያወጣኋት በዚሁ አረብኛዬ ነው። እንዴት እንደሆነ ላውራችሁ።

የነበርንበት ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ያን ጊዜ ወረቀት የሌለው የውጭ አገር ሰው ሳይታሰርና ሳይቀጣ አገሩ እንዲገባ ምሕረት ወጥቶ ነበር። የተመዘገበ ሰው አውሮፕላን እስኪደርሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ይቆያል። ተማሪዎቹ በበሽታው ምክንያት ቤታቸው ናቸው፤ እኛ ደግሞ በነሱ ክፍል ፍራሽ ዘርግተን ተኝተናል። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። የተሰጠን ክፍል በር ላይ ስድስት ቁጥር ተለጥፎ ሳይ «አክስቴ፣ አለፍኩ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሳቀም። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን፤ ሁሉም ፊታቸውን በማስክ ሸፍነው የስልካቸውን ባትሪ ያያሉ።

ዘሊካ የእናቴ ታናሽ ናት። ሠላሳ አልሞላትም፣ ግን ዝምተኛ ስለሆነች ትልቅ ትመስላለች። እኛ ቤት ወሬ በራሽን ቢታደል የሷን ድርሻ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከወሎ እኔን ያስመጣችኝም እሷ ናት። እኔ አሕመዲ ከሚገኝ ቤት ከጠፋሁ አምስት ወር ሆኖኛል፤ ሚርቃብ ውስጥ ከሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነበርኩ። እሷ ግን ሰልዋ ሰፈር ከነበረችበት ቤት የወጣችው ገና መጋቢት ላይ ነው። የቤቱ ትልቅ ልጅ ፈሃድ ከውጭ አገር መጣና ሁለት ሳምንት ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ። እሱ ሆዬ በሾፌሩ በር ሹልክ እያለ ባሕር ዳር ከጓደኞቹ ጋር ሲዝናና ይውላል። ሲመለስ ይስላል። ምግብ የምታስገባለት ዘሊካ ናት። ፈራች፣ አንድ ቀን ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በዚያው ቀረች። ይሄን የነገረችው ለኔ ብቻ ነው። «ሒባ፣ በአላህ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብላ አስምላኛለች።

ፓስፖርታችን ከማዳሞቻችን ጋር ስለቀረ ቆንስሉ ሊሴ ፓሴ የሚሉትን ወረቀት ይሰጠናል። አንዲት ቅጠል ናት፤ ወደ አገር መግቢያ ብቻ ታገለግላለች። ቆንስሉ አቶ ወንድዬ ይባላሉ። አጠር ያሉ፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት የማይፈቱ ሰው ናቸው። በየቀኑ ጠዋት ይመጡና ኮሪደሩ ላይ በፕላስቲክ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይጠሩናል። የኛ ሰው መሆናችንን ማረጋገጥ አለባቸው። እኔን ገበያችን የሚቆመው የት እንደሆነ፣ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፉ መጀመሪያ የሚገኘው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ወፍጮ ቤት። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ውሻ።»

«የልደት ዘመን?» አሉና ፎርሙን አዩት። ደላላው ፓስፖርቴን ሲያወጣ ዘጠኝ ዓመት ጨምሮልኛል። «ሃያ ስድስት?»

«አዎ ጋሼ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «በደላላው ዕድሜ ገብተሻል፣ በደላላው ዕድሜ ትወጫለሽ። አገርሽ ስትደርሺ ወደ አሥራ ሰባትሽ ተመለሺ» አሉና ማኅተሙን መቱልኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የዘሊካ ግን እንቢ አለ። ትምህርት ቤቱን የሚመራው ሻምበል ሳሊም የሚባል የኩዌት ፖሊስ ነው። ጣቷን አሻራ ማንበቢያው ላይ አስነክቶ ኮምፒዩተሩን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። ማዳሟ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ሸክዋ አስገብታለች፤ ክስ ማለት ነው። የወርቅ ቀለበቴን ሰርቃ ጠፋች ብላለች።

ዘሊካ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ወላሂ ቀለበት በዓይኔ አላየሁም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

አቶ ወንድዬ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ቀስ አድርገው ነገሯት። ምሕረቱ የሚምረው የወረቀት ጥፋትን ነው፤ የስርቆት ክስን አይነካም። ከሳሿ እስከ ሐሙስ ካነሳችላት አገሯ ትገባለች። ምሕረቱ ሐሙስ ያበቃል። ካላነሳች ከዚህ የምትወጣው ወደ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በኋላ ስንት ወር እንደሆነ አላህ ያውቃል።

«ታዲያ ይዘዟታ!» አልኩ እኔ።

«ማንን?»

«ማዳሟን! እርስዎ መንግሥት አይደሉ?»

«እዚህ አገር መንግሥቱ እኔ አይደለሁም። እኔ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ደሞዜን የማገኘው በመጠየቅ ነው።»

«ለመጠየቅ ነው እንዴ ክራቫት ያሰሩት?»

ሸዋነሽ የምትባለው የክፍላችን ልጅ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። አቶ ወንድዬ ግን ሳቁ፤ ማስካቸው ሲነፋ ታየኝ።

እውነቱን ልናገር፣ አልወደድኳቸውም ነበር። ሥራቸው ያናድዳል። በየጠዋቱ ሻምበል ሳሊም ቢሮ ይገቡና መጀመሪያ ስለ ሻምበሉ አባት ይጠይቃሉ። አባትየው ሆስፒታል ተኝቷል፣ ኩላሊቱን ነው። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔ በመስታወቱ ውጭ ቆሜ «ፋዘር» እና «ዶክተር» የሚለውን እሰማለሁ። ከዚያ ስለ ሙቀቱ፣ ከዚያ ስለ ረመዳን ጾም። ወረቀታችን የሚነሳው ሃያ ደቂቃ አልፎ ነው። የኛ ዕድሜ በሰው ኩላሊት ወሬ ያልቃል እያልኩ ከበሩ ጋር እጣላ ነበር።

እሑድ ዕለት አቶ ወንድዬ ለማዳሟ ሊደውሉላት ወሰኑ። ችግሩ እሳቸው አረብኛ አይችሉም። የኤምባሲው አስተርጓሚ አዩብ ደግሞ በሽታው ይዞት ተለይቶ ተኝቷል። ወደ ክፍላችን መጥተው «እዚህ አረብኛ የሚችል አለ?» ሲሉ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሸዋነሽ ብቻ «ኧረ ይቺን አይደለም!» አለች። እኔ ቀድሜ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ።

ቁጭ አድርገው ልክ እንደ ፈተና አዘጋጁኝ።

«የበኩር ልጇ ማን ይባላል?»

«ፈሃድ።»

«እንግዲያው ኡም ፈሃድ ብለሽ ጥሪያት። ማዳም አትበያት። ማዳም የምትላት ሠራተኛዋ ናት፤ ያን ቃል ስትሰማ ልታዝዝሽ ይነሳሳታል። ቀጥሎ ረመዳን ሙባረክ። ቀጥሎ የቤተሰቡን ጤና። ቀጥሎ ዘሊካ ቤታቸው ለኖረችበት ጊዜ እናመሰግናለን። ሳትሰናበት በመውጣቷ እናዝናለን። ቀለበቱ በመጥፋቱም እናዝናለን።»

«አልሰረቀችም አንልም?»

«አንልም።»

«ለምን? እውነቱ እሱ አይደለ?»

«አልሰረቀችም ካልን ዋሽተሻል አልናት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን አልጋዋ ሥር ብታገኘው እንኳ አገኘሁት ብላ አትናገርም፤ ታፍራለች። ሳታፍር ነገሩን የምትተውበት መንገድ ልናገኝላት ነው የምንደውለው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። አልገባኝም።

«የምልሽን ብቻ በይ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ስልኩን ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዘሊካ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ የሒጃቧን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። አረብኛዋ ትንሽ ስለሆነ ከንግግሩ የሚገባት አልፎ አልፎ ነው። ማዳሟ አነሳችው። እኔ ኡም ፈሃድ አልኳት፣ ረመዳን ሙባረክ አልኳት፣ ጤናዋን ጠየቅኩ፣ ሁሉንም እንደ ታዘዝኩት። አረብኛዬ እንደ ዘይት ይፈስ ነበር! ማዳሟ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብላ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ድምፅዋ ለሰለሰ። ዘሊካ ጥሩ ልጅ ነበረች አለች። ትንንሾቹ ልጆች ይጠይቋታል አለች። ስለ ቀለበቱ ስንደርስ ከባሌ ጋር ልነጋገር፣ ነገ ደውሉልኝ፣ «ቡክራ ኢንሻላህ» አለች።

ለአቶ ወንድዬ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «በጣም ጥሩ ነው! አመስግኛት፤ ነገ በዚህ ሰዓት እንደውላለን በያት።»

እኔ ግን ቡክራን አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ቡክራ ስትባል ኖሬአለሁ። የእረፍት ቀኔስ? ቡክራ። እናቴ ጋ ልደውል? ቡክራ። ጥርሴን አሞኛል? ቡክራ ኢንሻላህ። ማዳም ቡክራ ካለች በጭራሽ ማለቷ ነው፤ ይሄን የማያውቅ አረብ ቤት ያልሠራ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው ክራቫት እንጂ መወልወያ ይዘው አያውቁ፣ ከየት ያውቁታል? ደሞ ማዳም የምትፈራው ምስጋናን አይደለም። ማዳም የምትፈራው ቤቷ ውስጥ የሚሠራውን ጉድ የምታውቅ ሠራተኛን ነው።

እና ፈገግ አልኩ፣ ድምፄን እንደ ማር አድርጌ፣ በአረብኛ እንዲህ አልኳት፦ «ኡም ፈሃድ፣ ነገ አይሆንም፣ ዛሬ ነው። ክሱን ካላነሳሽ ፈሃድ ከቤት እንዳይወጣ ታዝዞ ሳለ በሾፌሩ በር ወጥቶ ባሕር ዳር ሲዞር እንደነበር ኤምባሲው ያውቃል። ኤምባሲው ለጤና ጥበቃ ይናገራል።»

ከዚያ «ማን ነው ይሄን ያለው?» አለች፣ በጣም በቀስታ። ከዚያ ተዘጋ።

«ምን አለች?» አሉ አቶ ወንድዬ።

«እሺ አለች» አልኩ። «ነገ።»

የዋሸሁት ያን ጊዜ ነው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ አፌ ከኔ ቀድሞ ሄደ። ዘሊካን አየኋት። ፈሃድ የሚለውን ስም ብቻ ሳትለይ አልቀረችም፤ «ስለ ልጁ ምን አልሽ?» አለችኝ።

«ጤናውን ጠየቅኩላት። አብሽሪ አክስቴ፣ ማክሰኞ የክፍላችን በረራ ሲደርስ አብረን እንሄዳለን።»

ክፍል ገብቼ ለሸዋነሽ ጉራዬን ነዛሁ። «እሳቸው በሳምንት የማይጨርሱትን በሁለት ደቂቃ ጨረስኩት» አልኳት።

«ጨረስሽውስ ይሆናል» አለች ሸዋነሽ፣ ካልሲዋን እያጠበች፣ «እንዴት እንደጨረስሽው ነው እኔን ያስፈራኝ።»

ማፍጠሪያው ሲመጣ ቴምሬን ለዘሊካ ሰጠኋት።

ሰኞ በዚያው ሰዓት ተደወለ። አልተነሳም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተደወለ፣ አልተነሳም። ሦስተኛው ላይ ጥሪው እንደጀመረ ተቆረጠ። አቶ ወንድዬ ስልኩን በሳኒታይዘር ሲወለውሉ ቆዩና «ትናንት ደህና ነበረች እኮ» አሉ። «ምናልባት ቤቷ ሰው ታሞ ይሆናል።» እኔ የጫማዬን ጫፍ አየሁ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ «ኔትዎርክ ይሆናል» ብዬ ዘጋሁት።

ማክሰኞ አውቶቡሱ ቆመ። ዝርዝሩ በር ላይ ተለጠፈ። የአሥራ ሦስታችን ስም አለ፤ የዘሊካ የለም። ሴቶቹ እልል ሊሉ ፈልገው ዘሊካን እያዩ አፋቸውን ያዙ። ሸዋነሽ ሻንጣዋን እየጎተተች «ሒባ፣ ነይ እንጂ!» አለችኝ።

«አክስቴን ትቼ አልሄድም» አልኩ። ዘሊካ «ሂጂ» አለች፤ እኔ አልሄድም አልኩ። እሷ እንደ ጀግና አየችኝ። ዕንባዋን ጠርጋ ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ ሳበችው። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አውቶቡሱ ከወጣ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም፣ ሻምበል ሳሊም አቶ ወንድዬን አስጠራቸው። በመስታወቱ አየሁ። ስለ አባት ወሬ የለም። ሻምበሉ እንዲቀመጡ አልጋበዛቸውም። አንድ ወረቀት እያነበበ ይናገራል፤ አቶ ወንድዬ ቆመው ይሰማሉ፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ ልክ ስም ጠሪው እንደያዘው ተማሪ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና በመስታወቱ በኩል እኔን አዩኝ።

«ሒባ፣ ነይ» አሉ ሲወጡ።

ከክፍሉ ራቅ ወዳለ ደረጃ ወሰዱኝ።

«እሑድ ዕለት ምን ብለሽ ተረጎምሽ?»

«እንዳሉኝ።»

«ሒባ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ለምጄዋለሁ። ነገርኳቸው። ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡና «ቃል በቃል ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩ። ጻፉ። ማዳሟ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በስልክ አስፈራራኝ ብላ አመልክታለች። ሻምበሉ ያነበበላቸው እሱን ነው።

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ ልጅቷ ናት በሏቸው» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ማስኬ ረጥቦ አፌ ላይ ተለጠፈ።

«አልልም» አሉ። «ልጅቷ ናት ካልኩ አንቺን ይጠይቃሉ። ኤምባሲው ነው ካልኩ ከኔ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤ መጻፍ እችላለሁ።» ደብተራቸውን ዘጉት። «የማልችለው ሌላ ነው። ይሄ ሻምበል እስከ ዛሬ ያልኩትን አምኖኝ ነበር። ይቺ የኛ ናት ስለው ሁለተኛ አይጠይቀኝም። እሱን ያመጣሁት በየጠዋቱ አባቱን እየጠየቅኩ ነው። ከእንግዲህ ቀሪዎቹን ሴቶች ይዤ ስመጣ ምን እንደሚለኝ አላውቅም።»

የረጠበውን ማስኬን አውልቄ ጨመቅኩት።

«ለአክስትሽ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ንገሪያት። ይሄን እኔ አልነግርልሽም።»

ነገርኳት። ዘሊካ የሊሴ ፓሴ ፎቶዋን በእጇ ይዛ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ተነሳችና ፍራሿን ጎትታ ክፍሉ ወዲያኛው ጥግ፣ ሕፃናት አሳና ጀልባ የሳሉበት ግድግዳ ሥር አነጠፈችው። ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለት ሆነን በሁለት ጥግ ተቀመጥን። ማፍጠሪያው ሲመጣ የሷን ሳጥን ልወስድላት ሄድኩ፤ እጇን ዘርግታ ከመሬት ላይ ራሷ አነሳችው።

ረቡዕ አቶ ወንድዬ አልመጡም። በእግሬ ኮሪደሩን ስለካ ዋልኩ፤ ከጫፍ ጫፍ ሰባ ሁለት እርምጃ ነው። የጠፉት ተቀይረው ይሆን? ተባረው ይሆን? ዘሊካ ትሰግዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሰግዳለች። ከሰዓት በኋላ የኤምባሲው ሾፌር ዒሳ ማስክና ውኃ ይዞ መጣ። ዒሳ የደሴ ልጅ ነው፣ ወሬ ደብቆ አያውቅም።

«አለቃህስ?» አልኩት።

«ምን አለቃ አለኝ፣ በፀሐይ ጨረሳችሁብኝ እንጂ! ሰልዋ ነበርን። ሰው ቤት መግባት ክልክል ስለሆነ በሩ ላይ ቆሙ። ደብዳቤውን ለዘበኛው ሰጡ፣ ቆሙ። ጃንጥላ ልያዝልዎት ብል እንቢ። ሁለት ሰዓት ቆሙ ስልሽ! በኋላ ባልየው አፍሮ ወጣ።»

ዘሊካ ከጥጓ ተነስታ በሩ ጋ መጣች። «ምን አለ?» አለች። ከትናንት ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅዋ ነው።

«ባልየው እንግሊዝኛ ይችላል፣ ስለዚህ ሁሉን አልሰማሁም። ግን መኪና ውስጥ ጋሼ ነገሩኝ። ቀለበቱ ተገኝቷል እኮ! ቅዳሜ፣ የሴትየዋ የስግደት ልብስ ኪስ ውስጥ። ሰኞ ጣቢያ ሄዳ ክሱን ልታነሳ አስባ ነበር። እሑድ ያ የስልኩ ነገር መጣ። ከዚያ በኋላ ባነሳው ስለ ልጄ ፈርቼ ያነሳሁ ይመስላል ብላ እንቢ አለች።»

ዘሊካ ወደኔ አላየችም። እኔም ወደሷ አላየሁም። ቡክራ ያለችው ቡክራን ነበር ማለት ነው።

«ደብዳቤው ምን ይላል?» አለች ዘሊካ።

«ሁለት መስመር ነው። በአስተርጓሚ ስህተት ለተነገረው ቃል ኤምባሲው ይቅርታ ይጠይቃል። ስለ ቤተሰቡ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ማወቅም አይፈልግም።»

«ባልየውስ?»

«እናያለን ነው ያለው» አለ ዒሳ፣ የውኃውን ካርቶን እያወረደ። «እናያለን ብቻ።»

ሐሙስ ሆነ። የመጨረሻው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሰዓት እላፊው ስለሚጀምር መንገድ ላይ መኪና አይኖርም። ከሌሎች ክፍሎች የተረፉት ሃያ ምናምን ሴቶች ግቢው ውስጥ በተቀባው ክብ ውስጥ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው ቆሙ። የኔ ስም ተጠራ። የዘሊካ አልተጠራም። በሩ አጠገብ ሌላ መኪና ቆሟል፤ የፖሊስ ነው፣ የኋላ መስኮቱ ሽቦ አለው። ዘሊካ ሻንጣዋን ይዛ በሁለቱ መኪናዎች መካከል ቆመች፣ ወደ የትኛው እንደሚወስዷት ሳታውቅ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አቶ ወንድዬ መጡ። ፊታቸው በፀሐይ ተቃጥሎ አፍንጫቸው ተልጧል። ሻምበል ሳሊም ቢሮ ገቡ። እኔ መስታወቱ ላይ ተለጠፍኩ። መጀመሪያ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ? «ፋዘር»! በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ሰዓቱ እንዲህ ሆኖ፣ ሰውየው ከማክሰኞ ጀምሮ ፊት ነስቷቸው፣ እሳቸው ስለ አባቱ ይጠይቃሉ! መስታወቱን ልደበድበው ነበር። ሻምበሉ ወረቀት ማገላበጡን ቀጠለ። ከዚያ የሆነ ነገር አለ፣ አጭር፤ አባትየው እንደባሰበት ከፊቱ ገባኝ። አቶ ወንድዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሻምበሉ ማስኩን አውልቆ ፊቱን በእጁ አበሰ። ከዚያ ወንበር አመለከታቸው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። የአውቶቡሱ ሞተር ተነሳ። ሻምበሉ ስልኩን አነሳና አንድ ቦታ ደወለ፣ ጠበቀ፣ ሌላ ቦታ ደወለ። አረብኛውን ሰማሁ፦ ሰልዋ ጣቢያ፣ ቀለበት፣ የሴትየዋ ባል መጥቷል ወይ። ጠበቀ። እኔ የቁርኣን አያ የማውቀውን ሁሉ ጨርሼ የማላውቀውን ጀመርኩ። ከዚያ ሻምበሉ «ዘይን» አለ። ሁለት ጊዜ። ደህና ማለት ነው።

ባልየው ጠዋት ጣቢያ ሄዶ በሚስቱ ስም ፈርሟል። ወረቀቱ ኮምፒዩተር ላይ እስኪገባ ድረስ ግን ዕለቱ ያልፍ ነበር፤ ሻምበሉ ደውሎ ባያስገባው። አቶ ወንድዬ ወጡና የዘሊካን ሊሴ ፓሴ ጠረጴዛው ላይ አድርገው ማኅተሙን መቱት። እጃቸውን ልትስም ስትጎነበስ «ርቀት፣ ርቀት» እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ደግሞ ይቅርታ ልላቸው ሄጄ አፌ «አፍንጫዎን ቫዝሊን ይቀቡት» አለ። «እሺ፣ ሃያ ስድስት» አሉኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ በየወንበሩ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጠው። ዘሊካ መስኮቱ ጋ፣ እኔ በመተላለፊያው ወዲህ። መንገዱ ባዶ ነው፤ በዚያ ሁሉ መኪና የሚታወቅ አስፋልት ላይ የኛና የፖሊሱ ብቻ። የፖሊሱ መኪና ከፊት ይመራናል እንጂ ማንንም አልጫነም። ፍርሃቴ ቀስ በቀስ ቆመ። እሱ ሲቆም አፌ ተነሳ፤ እኔ እንደዚህ ነኝ፣ አላህ ሲፈጥረኝ ሁለቱን በአንድ ማጥፊያ አያይዟቸዋል።

«ግን አክስቴ» አልኩ፣ «አስቢው እስቲ። እኔ ባላስፈራራት ኖሮ ጋሼ ወንድዬ ሰልዋ አይሄዱም። እሳቸው ባይሄዱ ባልየው አይወጣም። ባልየው ባይወጣ ማን ይፈርማል? ስታዪው ሁሉም የመጣው በኔ አረብኛ ነው።»

ከፊት የተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ሰሚ ሳገኝ ድምፄ ይጨምራል።

«ወሎ ስንገባ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ። የኤምባሲ አስተርጓሚ ነበርኩ እላለሁ። ውሸት ነው እንዴ? አይደለም። እውነቱን ንገሪኝ አክስቴ፣ ያለኔ ምን ትሆኚ ነበር?»

ዘሊካ ግንባሯን ከመስታወቱ ሳታነሳ፦

«ማክሰኞ አገሬ እገባ ነበር።»